ስለ ተማሮች የንግድ ሐሳብ ውድድርና ከሽልማቱ ቀን በኋላ ስላለው መንገድ

ዘር የሚመሰገነው በጎተራ ሳለ አይደለም፤ ከመሬት ወድቆ፥ በቅሎ፥ አረሙ ታርሞለት፥ ፍሬው ካውድማ ሲገባ ነው እንጂ። ገበሬ በእጁ የያዘው ዘር ምርጥ መሆኑን አይቶ ደስ ሊለው ይችላል፤ ነገር ግን መከሩን ሳያይ ጠገብሁ አይልም። ይህ ነገር በገበሬ ዘንድ የታወቀ ሲሆን፥ በዚህ ዘመን በየኮሌጁና በየዩኒቨርሲቴው የሚደረገውን የንግድ ሐሳብ ውድድር በሚያዘጋጁትና መርቀው በሚከፍቱት ሰዎች ዘንድ ግን ሲዘነጋ እናያለን። ስለዚህ ዛሬ ስለ ውድድሩ መልካምነትና ስለ ጐደሎው፥ ይልቁንም ከሽልማቱ ቀን በኋላ ስላለው መንገድ፥ ለአንባብያን ጥቂት ልናስረዳ አሰብን።

ውድድሩ እንዲህ ነው። ሦስት ወይም አራት የሚሆኑ ተማሮች ይሰበሰቡና ሕዝብን የሚጐዳ አንድ ችግር ይመርጣሉ፤ የመጠጥ ውሃ ማጣት፥ የመብራት እጦት፥ የሕፃናት ሞት፥ የከተማ ቆሻሻ፥ ይህንም የመሰለው ሁሉ ሊሆን ይችላል። ለዚያ ችግር መድኀኒት የሚሆን፥ ደግሞም ወጪውን በራሱ ገቢ ሊችል የሚገባው አንድ የንግድ ሥራ ያስባሉ። «ስታርትአፕ» እየተባለ የሚጠራው ጀማሪ የንግድ ማኅበር ይህ ነው። ከዚያም በተቈረጠው ቀን ከዳኞች ፊት ቆመው በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ሐሳባቸውን ያስረዳሉ፤ ዳኞቹም ጠይቀውና አመዛዝነው ለበለጠው ገንዘብ ይሸልማሉ። ይህን ንግድ ከሌላው ንግድ የሚለየው በሁለት መስፈሪያ መሰፈሩ ነው፤ አንደኛው መስፈሪያ ገንዘብ ነው፤ ሁለተኛውም ለሕዝብ የተገኘው ጥቅም ነው።

የዚህ ውድድር መነሻው በአሜሪካ አገር ነው። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የውጭ አገር ነገር በተነሣበት ስፍራ ዓመቶቹን እንደ አውሮፓ አቈጣጠር እንጽፋለን።) በ1984 ዓ.ም. በቴክሳስ ዩኒቨርሲቴ የንግድ ትምህርት ተማሮች፥ የሕግ ተማሮች በሐሰት ችሎት ቆመው ክርክር እንደሚለማመዱ ሁሉ፥ እነርሱም የንግድ ሐሳብን በዳኞች ፊት ማቅረብን ለመለማመድ ውድድር ጀመሩ። በ1990 ዓ.ም. በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ትምህርት ቤት በ10 ሺህ ዶላር ሽልማት ሌላ ውድድር ተነሣ፤ ሽልማቱም እያደገ ሄዶ 100 ሺህ ዶላር ደረሰ። በ1999 ዓ.ም. ደግሞ በካሊፎርኒያ በበርክሌይ የሚማሩ ተማሮች ለኅብረተሰብ ጥቅም ለሚሰጥ ንግድ ብቻ የተለየ ውድድር አቆሙ። ከሁሉም ይልቅ ስሙ የገነነው ግን በ2010 ዓ.ም. የተጀመረውና «ሀልት ፕራይዝ» የሚባለው ነው፤ ከልዩ ልዩ አገር ዩኒቨርሲቴዎች የሚመጡ ተማሮች በየዓመቱ በሚሰጣቸው አንድ ጥያቄ ላይ ይወዳደራሉ፤ አንደኛ ለሚወጣውም 1 ሚሊዮን ዶላር ሲሸለም ኖሮአል።

እንግዲህ የነዚህን ውድድሮች ፍሬ ለመመዘን የሚሻ ሰው የአዳራሹን ጭብጨባ መስማት አይበቃውም። ከዓመታት በፊት በዳኞች ወይም በመምህራን ፊት የተመሰገኑት ሐሳቦች ኋላ ከምን እንደ ደረሱ መጠየቅ አለበት። እኛም ይህን ለማስረዳት አራት ምሳሌዎችን መርጠናል።

የመጀመሪያው ምሳሌ ከውድድር ሳይሆን ከአንድ ክፍል የተነሣ ነው። በ2007 ዓ.ም. በአሜሪካ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቴ መምህራኑ ለተማሮቻቸው አንድ ጥያቄ ሰጡ። ጊዜው ሳይደርስ ወይም ክብደቱ ጐድሎ የሚወለደውን ሕፃን የሚያሞቀው መሣሪያ ወደ 20 ሺህ ዶላር ያወጣል፤ እናንተ ይህን መሣሪያ ከዋጋው ከመቶ አንድ እጅ በሆነ ገንዘብ ሥሩልን አሉአቸው። በመጀመሪያ ተማሮቹ መሣሪያውን እየፈቱ ዕቃውን ለማርከስ አሰቡ። ነገር ግን ከመካከላቸው አንዱ ወደ ኔፓል ተጉዞ በካትማንዱ ያለውን ሆስፒታል በጐበኘ ጊዜ፥ በእርዳታ የተሰጡት ማሞቂያዎች ሕፃን ሳይተኛባቸው ባዶአቸውን ቆመው አገኛቸው። ምክንያቱን ቢጠይቅ፥ ያለ ጊዜያቸው የሚወለዱት ሕፃናት ብዙዎቹ ከከተማ ርቀው በገጠር የሚወለዱ ስለ ሆኑ፥ ሆስፒታል ሳይደርሱ በመንገድ ይሞታሉ አሉት።

በዚህ ጊዜ ጥያቄው ራሱ ተለወጠ። ለሆስፒታል የሚሆን ርካሽ መሣሪያ መሥራቱ ቀርቶ፥ እናት በመንደርዋ የምትይዘው፥ ያለ ኤሌክትሪክም ሙቀቱን ጠብቆ የሚቈይ ነገር መሥራት ሆነ። ስለዚህ እንደ መጠቅለያ ከረጢት ያለ ነገር ሠሩ፤ በውስጡም እንደ ሰም ያለ፥ አንድ ጊዜ ከሞቀ ለአያሌ ሰዓት የ37 ዲግሪን ሙቀት የማይለቅ ነገር አኖሩበት። ሥራቸውንም ወደ ሕንድ አገር ወሰዱት። በዚያም ሌላ ትምህርት ጠበቃቸው። መሣሪያው ሙቀቱን በቍጥር ያሳይ ነበር፤ አንዲት የገጠር እናት ግን የውጭ አገር መድኀኒት ኀይሉ ብርቱ ነውና ሕፃኑን እንዳይጐዳው 37 የተባለውን ቀነስ አድርጌ እጠቀምበታለሁ ብላ ነገረቻቸው። እነርሱም ይህን ሰምተው ቍጥሩን አነሡና፥ መሣሪያው በቂ ሙቀት እንዳለው ወይም እንደሌለው ብቻ የሚያስታውቅ ምልክት አደረጉበት። ኋላም መሣሪያውን የማምረቱ ነገር ከተማሮቹ እጅ ወጥቶ በዚያው አገር ላለ የሕክምና መሣሪያ ሠሪ ተላለፈ።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር ልብ ሊባል ይገባል። አንደኛው፥ ተማሮቹ የቀናውን መንገድ ያገኙት በአዳራሽ ሳይሆን በካትማንዱ ባዶ ማሞቂያ አጠገብ ቆመው፥ ደግሞም የአንዲትን እናት ፍርሃት አድምጠው መሆኑ ነው። ሁለተኛው፥ አዋቂ ዳኛ ሊጠይቀው የሚገባ አንድ ጥያቄ መኖሩ ነው፤ ይኸውም፥ ይህ አዲስ ነገር አስቀድሞ በሕዝቡ እጅ ካለው ነገር በምን ይበልጣል? የሚለው ነው። በ1978 ዓ.ም. በኮሎምቢያ ዋና ከተማ በቦጎታ ያሉ ሐኪሞች ማሞቂያ ቢያጥራቸው፥ ሕፃኑን ራቁቱን በእናቱ ደረት ላይ አጣብቆ መያዝን ጀመሩ፤ ይህም ገንዘብ የማይጠይቅ ዘዴ ዛሬ በዓለም ሁሉ በሐኪሞች ዘንድ የተመሰከረለት ሆኖአል። እንግዲህ ጥሩ ዳኛ ማለት የመሣሪያውን ማማር አይቶ የሚደነቅ ሳይሆን፥ የእናት ደረት በማይገኝበት ሰዓት መሣሪያው ምን እንደሚጠቅም አጥብቆ የሚጠይቅ ነው።

ሁለተኛው ምሳሌ ከጐረቤታችን ከኬንያ ነው። ናይሮቢ በተባለችው ዋና ከተማ በጭቃና በቆርቆሮ ቤት ተፋፍጎ የሚኖረው ሕዝብ እጅግ ብዙ ነው። በነዚህ ሰፈሮች የቆሻሻ መውረጃ ቦይ ስለሌለ፥ ሰው በሌሊት ከቤቱ መውጣት ሲፈራ በላስቲክ ከረጢት ተጠቅሞ ወደ ውጭ ይወረውረዋል። ይህ ነገር ለወሬ የሚያሳፍር ቢሆንም፥ ከሕፃናት ገዳይ በሽታዎች አንዱ የሆነው ተቅማጥ የሚመነጨው ከዚሁ ነውና ማፈር አያስፈልግም። በማሳቹሴትስ የሚማሩ ተማሮች ስለዚህ ችግር መክረው በ2011 ዓ.ም. የ100 ሺህ ዶላሩን ውድድር አሸነፉ፤ ማኅበራቸውም «ሳነርጂ» ተባለ። ሐሳባቸው በአጭሩ ይህ ነበር። ንጹሕ መጸዳጃ ቤት ሠርተው ለሰፈሩ ነዋሪ ይሸጣሉ፤ ነዋሪውም ከተጠቃሚው ጥቂት ሽልንግ እየተቀበለ ራሱን ይረዳበታል፤ ማኅበሩም የሞላውን ማጠራቀሚያ በየጊዜው በጋሪ ሰብስቦ ወደ ማዳበሪያና ወደ ኤሌክትሪክ ኀይል ለውጦ ይሸጣል።

እነዚህ ተማሮች ሽልማታቸውን ይዘው አሜሪካ አልቀሩም፤ ናይሮቢ ሄደው ሙኩሩ በተባለው ሰፈር ሥራውን ጀመሩና በዚያው ዓመት የመጀመሪያዎቹን መጸዳጃ ቤቶች ከፈቱ። ዛሬም ከአሥር ዓመት በላይ ከሆነው በኋላ ሥራው አልተቋረጠም። ነገር ግን በዳኞች ፊት እንደ ተነገረው ሆኖ አልቀረም። ድኻው የሚከፍለው ጥቂት ሽልንግ የመሰብሰቡንና የማጽዳቱን ወጪ ሁሉ እንደማይችል ታወቀ። የማኅበሩም ሥራ በሁለት ተከፈለ፤ መጸዳጃ ቤቱን የሚያስተዳድረው ክፍል ትርፍ የማይፈልግ በጎ አድራጊ ማኅበር ሆነ፤ ማዳበሪያውንና መኖውን የሚያመርተው ክፍል ንግድ ሆኖ ቀረ። ደግሞም የከተማው አስተዳደር ከወጪው ድርሻውን እንዲችል መጠየቅ ግድ ሆነ፤ ለባለጠጋው ሰፈር የሚቀበረው የቆሻሻ ቦይ በመንግሥት ገንዘብ የሚሠራ ከሆነ፥ ለድኻው ሰፈር የሚሰበሰበው በድኻው ሽልንግ ብቻ ይሠራ ማለት ፍርድ አይደለምና። ንግድ ብቻውን ይፈጽመዋል የተባለው ነገር የመንግሥትን እጅ ሳይዝ ሊፈጸም አለመቻሉን ሹማምንት ሁሉ ሊያስተውሉት ይገባል።

ሦስተኛው ምሳሌ ለካህናት አንባቢዎቻችን እንግዳ አይሆንባቸውም። መጥምቁ ዮሐንስ በበረሃ ሳለ ምግቡ ምን እንደ ነበረ የታወቀ ነው። በ2013 ዓ.ም. በካናዳ በማጊል ዩኒቨርሲቴ የሚማሩ አምስት ተማሮች፥ በድኻ ሰፈሮች ያለውን ረኃብ ለማስታገሥ አንበጣና ፌንጣ የመሰሉ ተንቀሳቃሾችን እናርባ፥ ሥጋ ከሚሰጠው ብርታት የማያንስ ይሰጣሉና፥ የሚል ሐሳብ አቅርበው 1 ሚሊዮን ዶላሩን ተሸለሙ። ሽልማቱንም ያበረከቱላቸው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የነበሩት ቢል ክሊንተን ናቸው። ማኅበሩም በጋና ገጠር ሕዝቡ አስቀድሞ የሚበላውን የዘንባባ ትል እያረቡ እንዲጠቀሙ ማስተማር ጀምሮ ነበር። ከጊዜ በኋላ ግን ትልቁ ሐሳብና ትልቁ ገንዘብ በካናዳ በኦንታርዮ ወደሚሠራ ታላቅ ፋብሪካ ዞረ፤ ከፋብሪካው የሚወጣውም የፌንጣ ዱቄት ብዙው የውሻና የድመት ምግብ መሥሪያ ሆነ። በ2024 ዓ.ም. ደግሞ ማኅበሩ ከሠራተኞቹ ብዙዎቹን አሰናበተ።

ይህን የምንጽፈው ተማሮቹን ለመንቀፍ አይደለም፤ ማንም ያልሞከረውን የሞከረ ሰው ቢሰናከል አይነቀፍም። የምንጽፈው ነገሩ ወዴት እንደሚያዘነብል ለማሳየት ነው። ረኃብተኛው የሚከፍለው የለውም፤ የውሻ ባለቤት ግን የሚከፍለው አለው፤ ስለዚህ ጠባቂ የሌለው ንግድ፥ ውሃ ወደ ቍልቍለት እንደሚወርድ፥ ከረኃብተኛው ወደ ከፋዩ ይወርዳል። ሁለቱን መስፈሪያዎች ይዞ የተነሣ ሥራ አንደኛውን መስፈሪያ በመንገድ ጥሎት የሚሄደው ከክፋት የተነሣ አይደለም፤ የገንዘቡን ሒሳብ በየወሩ የሚጠይቀው ባለ ገንዘብ ሲኖር፥ የሕዝቡን ጥቅም ሒሳብ በየወሩ የሚጠይቀው ሰው ስለሌለ ነው።

አራተኛው ምሳሌ ደግሞ ተስፋ የሚሰጥ ነው። በ2016 ዓ.ም. ኧርልሃም በሚባል በአሜሪካ ባለ ትንሽ ኮሌጅ የሚማሩ አራት ተማሮች፥ በናይሮቢ ከተማ የሕዝብ ማመላለሻ መኪና ለሚጠብቀው ሰው በስልክ መልእክት ትኬት የሚያስገዛ ሥራ አቅርበው 1 ሚሊዮን ዶላሩን አሸነፉ። በከተማው ውስጥ በአጭር መንገድ የሚሠራው ነገር እንደታሰበው ሳይሆን ሲቀር ሥራውን አልተዉትም፤ ሁለቱ በኬንያ ቀርተው ከከተማ ወደ ከተማ ለሚሄደው አውቶቡስ የትኬት መሸጫ አድርገው ለወጡት፤ ስሙንም «ቡፓስ» አሉት። በ2023 ዓ.ም. በዚሁ ንግድ ያለ ሌላ ማኅበር ገዝተው ከራሳቸው ጋር ለመቀላቀል በቁ። ሽልማቱን ያገኘው ሐሳብ አልቆመም፤ የቆመው ከሽልማቱ በኋላ በአገሩ ኖረው፥ ባለ መኪናውንና መንገደኛውን እየጠየቁ ያቀኑት ሥራ ነው።

አራቱም ምሳሌዎች አንድ ቃል ይናገራሉ። ከዳኞች ፊት እንደ ቀረበ ሆኖ የጸና ሐሳብ ከአራቱ አንድ ስንኳ የለም። የሰመረላቸው፥ ከሽልማቱ በኋላ በችግሩ ስፍራ የኖሩና ሐሳባቸውን ለመለወጥ ያላፈሩ ናቸው።

በቅኔ ቤት ያደገ ሰው ይህን ነገር በቀላሉ ያስተውለዋል። ተማሪው ሲያወጣና ሲያወርድ የዋለበትን ቅኔ ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም ያርመዋል፤ የሰመረለትም እንደ ሆነ በማኅሌት ተቀኝቶ «ይበል» ይባልለታል። ያ ቅኔ ዳግመኛ አይባልም፤ ለነገ በዓል ሌላ ይታሰባል፤ የቅኔ ደንቡ ይህ ነውና «ይበል» በተባለበት ሰዓት ሥራውን ፈጽሞአል። የንግድ ሐሳብ ግን ሥራውን የሚጀምረው «ይበል» ከተባለ በኋላ ነው። ውድድሩን እንደ ቅኔ ጉባኤ ቈጥሮ ጭብጨባው ሲያልቅ ወደ ቤቱ የሚሄድ አዘጋጅ፥ የአንዱን ነገር ደንብ ከሌላው አደባልቆአል።

ይህንም በዓይናችን አይተነዋል። ከጥቂት ጊዜ በፊት በአንድ ኮሌጅ አዳራሽ በተደረገ ውድድር ተገኝተን ነበር። አንድ ወጣት በፀሐይ ኀይል ውሃ የሚስብ መሣሪያ አቅርቦ እጅግ በሚያምር ንግግር አስረዳ። ዳኞቹ በአምስት ዓመት ውስጥ ስንት ብር እንደሚያተርፍ፥ ወደ ጐረቤት አገሮችስ መቼ እንደሚሸጠው ጠየቁት፤ እርሱም መለሰ። ነገር ግን መሣሪያው በተበላሸ ጊዜ በቀበሌው ማን እንደሚጠግነው፥ መለዋወጫውስ ከየት እንደሚመጣ የጠየቀ አልነበረም። ወጣቱ ሁለተኛ ወጥቶ የምስክር ወረቀትና ጥቂት ገንዘብ ተቀበለ። ከዓመት በኋላ ስንጠይቅ በአንድ መሥሪያ ቤት በጽሕፈት ሥራ ተቀጥሮአል ተባልን፤ መሣሪያውም ከአዳራሹ አጠገብ ባለው ዕቃ ቤት አቧራ ለብሶ ተቀምጦአል። የከሠረው ወጣቱ ብቻ አይደለም፤ መሣሪያውን ያመጣለት ዘንድ የተጠበቀው መንደርም ከስሮአል፤ ይልቁንም ይህን ያዩት ታናናሾቹ ተማሮች፥ የሚያስሸልመው የሥራ ማማር ሳይሆን የንግግር ማማር ነው የሚል ክፉ ትምህርት ወስደዋል።

ስለዚህ አንዳንድ ሰዎች፥ ይህ ውድድር ሁሉ ከንቱ ትርኢት ነውና ይቅር፥ ገንዘቡም ለትምህርት ቤት ወንበርና ለመጽሐፍ ይዋል ይላሉ። ይህ አስተያየት ጨርሶ መሠረት የሌለው አይደለም፤ ቢሆንም እኛ አንቀበለውም። ወጣት ስለ ሕዝብ ችግር እንዲያስብ፥ ካሰበውም በኋላ በቍጥርና በሒሳብ እንዲያስረዳ የሚያደርግ ነገር ሁሉ ትምህርት ነው። ለመቀጠር ብቻ የተማረ ሰው ሹመት እስኪያገኝ ድረስ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል፤ ችግርን አይቶ ሥራን መፍጠር የተማረ ግን ለራሱም ለሌላውም እንጀራ ይሆናል። መክሊቱን የቀበረው ባሪያ በጌታው ዘንድ ምን እንዳገኘው ሁላችን እናውቃለን። ነገር ግን ዛሬ ልናስተውል የሚገባን ሌላው ወገን ነው፤ መክሊቱን ሰጥቶ የሚነግድበትን ገበያ የዘጋ፥ ሒሳቡንም ሊጠይቅ ያልተመለሰ ጌታ ቢኖር፥ ስንፍናው የማን ይባላል?

በአገራችንም ዘሩ ተዘርቶአል። በ2016 ዓ.ም. በእኛ አቈጣጠር በአዲስ አበባ በሳይንስ ሙዚየም «ስታርትአፕ ኢትዮጵያ» የተባለ ታላቅ ትርኢት ተደርጎ፥ ብዙ ወጣቶች ሥራቸውን ለሕዝብና ለመንግሥት አሳይተዋል። በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች አዘጋጅነትም «ብሩህ» የተባለው የንግድ ሐሳብ ውድድር ተደርጎ ወጣቶች ተሸልመዋል። ዩኒቨርሲቴዎቻችንም በየግቢያቸው ለዚህ የሚሆን ክፍል ማቋቋም ጀምረዋል። ይህ ሁሉ የሚያስመሰግን ነው። እንግዲህ የሚቀረው የእርሻው ሥራ ነው፤ ስለዚህም ለሹማምንት አራት ነገር ልናሳስብ እንወዳለን።

አንደኛ፥ ጥያቄው ከሕዝቡ ይምጣ። ውድድር ከመታወጁ በፊት የጤና ጣቢያው፥ የእርሻ ባለሙያው፥ የትምህርት ቤቱ ሹም፥ የሰበካውም ጉባኤ በየበኩላቸው የሚያስቸግራቸውን ነገር በጽሑፍ ይስጡ፤ ተማሮቹም ከዚያ ይምረጡ። ከዳኞቹም መካከል ነገሩን በእጁ የሚሠራበት ሰው ይቀመጥ። ስለ ወላዶች የሚቀርብ ሐሳብ አዋላጅ ሳትኖር፥ ስለ እህል ጎተራ የሚቀርብ ሐሳብም ገበሬ ሳይኖር ሊፈረድ አይገባም። ባለ ባንኩ ስለ ገንዘቡ ይጠይቅ፤ አዋላጅዋም ስለ ሌሊቱና ስለ መብራቱ ትጠይቅ።

ሁለተኛ፥ ሽልማቱ ይከፈል። ገንዘቡ ሁሉ በአንድ ቀን ከሚሰጥ፥ ጥቂቱ በሽልማቱ ዕለት፥ የሚበዛው ግን ሐሳቡ በአንድ ወረዳ ተሞክሮ ውጤቱ ከታየ በኋላ ቢሰጥ ይሻላል። ሙከራውም እንዲሆን ወረዳው አስቀድሞ ይታወቅ፤ ተማሪው ከቢሮ ወደ ቢሮ ደብዳቤ ተሸክሞ ሲዞር ዓመቱ እንዳያልቅበት፥ የሚቀበለው ሹም በስሙ ይታዘዝ። ሙከራው ሐሳቡን ቢያስለውጠው ሽልማቱን አያስከለክለው፤ ከላይ እንዳየነው የሚጸናው የተለወጠው ነውና።

ሦስተኛ፥ መንግሥት ገዢ ይሁን። ሆስፒታሉ፥ ትምህርት ቤቱ፥ የውሃው ድርጅት በየዓመቱ ብዙ ዕቃ ይገዛሉ። ነገር ግን በጨረታው ወረቀት ላይ የብዙ ዓመት ልምድና ከባድ የዋስትና ገንዘብ የተጠየቀ እንደ ሆነ፥ ትናንት የተሸለመው ወጣት ዛሬ ከበሩ ይመለሳል። በአንድ እጅ ሸልሞ በሌላ እጅ በር መዝጋት ራስን መቃረን ነው። የሕዝብ ገንዘብ እንዳይባክን ጥንቃቄው የሚገባ ስለ ሆነ፥ ደንቡ ይፍረስ አንልም፤ በጥቂት ዕቃና በጥቂት ገንዘብ የሚሞከርበት የተለየ መንገድ በደንቡ ውስጥ ይከፈት እንላለን እንጂ። በናይሮቢ እንደ ታየው፥ ድኻው ሊከፍል የማይችለውን ድርሻ ሊችል የሚገባው መንግሥት ነው፤ ይህንም ከጅምሩ ቢያውቀው ተማሪው ሒሳቡን በሐሰት ተስፋ ላይ አይሠራም።

አራተኛ፥ ሒሳቡ ይጠየቅ። አዘጋጁ መሥሪያ ቤት ከአንድ ዓመትና ከሦስት ዓመት በኋላ፥ የተሸለሙት ሁሉ ከምን እንደ ደረሱ ለሕዝብ ይግለጥ። የሰመረውን ብቻ ሳይሆን ያልሰመረውንም፥ ያልሰመረበትንም ምክንያት አብሮ ይጻፍ፤ አንዱ የወደቀበት ጕድጓድ ካልተነገረ ሁለተኛው ይወድቅበታልና። ከስሮ የተመለሰውንም ወጣት አናሳፍረው፤ ልምዱን ለታናሹ እንዲያስተምር ስፍራ እንስጠው። የውድድሩ ክብር በተጋበዙት ታላላቅ ሰዎች ብዛት መለካቱ ቀርቶ በዚህ መዝገብ ይለካ።

ለካህናትም አንድ ቃል አለን። ስለ ገጠሩ ሕዝብ በከተማ አዳራሽ ብዙ ይነገራል፤ ገጠሩን በልደትም በሐዘንም በየቤቱ ገብቶ የሚያውቀው ግን ካህኑ ነው። በሕንድ አገር ያችን እናት ያስፈራት የቍጥሩ ነገር በአገራችንም በሌላ መልክ መኖሩ አይቀርም፤ እርሱንም አስቀድሞ የሚያውቀው የንስሐ አባትዋ ነው። ስለዚህ ወጣት ተማሪ መሣሪያውን ወይም ሐሳቡን ይዞ ወደ መንደር በመጣ ጊዜ፥ አዲስ ነገር ነው ብለው እንዳይሸሹት፥ ሕዝቡም የሚፈራውንና የሚሻውን ሳይሸሽግ እንዲነግረው ያደፋፍሩልን። የተማሪው ሐሳብ ስሕተት ያለበት እንደ ሆነም በግልጥ ይንገሩት፤ በጊዜው የተነገረ ስሕተት ከብዙ ኪሳራ ያድናልና።

ለተማሮችም የምንለው አጭር ነው። ሽልማት ስንቅ ነው እንጂ መድረሻ አይደለም። ሐሳባችሁን በወረቀት ከመጻፋችሁ በፊት ችግሩ ካለበት ስፍራ ሄዳችሁ እደሩ፤ ባዶውን ማሞቂያ ያየው ተማሪ ካትማንዱ ድረስ ባይሄድ ኖሮ፥ ጓደኞቹ ሕፃን የማይተኛበትን ሌላ ርካሽ ማሞቂያ ሠርተው ይመሰገኑበት ነበር።

እንግዲህ የዘንድሮው ውድድር ሲከፈት፥ ሪባን የሚቈርጠው ሹም መቀሱን ከማንሣቱ በፊት አንድ ነገር ይጠይቅ። ያምናው አሸናፊ ዛሬ የት ነው? መልሱን ያገኘ እንደ ሆነ በደስታ ይክፈት። ያላገኘ እንደ ሆነ ግን፥ አዲስ ዘር ከመበተኑ በፊት ያምናውን እርሻ ሄዶ ይመልከት፤ ምናልባት ቡቃያው ገና አልደረቀ፥ የሚያርመው ሰው ብቻ አጥቶ ይሆናል።